ቆመ የተባለው ትሬድ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የማወጋችሁ ሌላውን ሁሉ «ቁም!» እያለ ስለሚመረምር፣ ማን እንደቆመና ማን እንደሚሮጥ ግን ራሱን ግራ ስለሚገባው አንድ ፕሮግራም ነው። ስሙ ጂዲቢ ይባላል። ዲበገር ነው። ሌላ ፕሮግራም ሲሠራ ከጎኑ ሆኖ ይከታተላል፤ ሲያሻው ያስቆመዋል፤ ሜሞሪውን ከፍቶ እያንዳንዱን ቁጥር ያነባል፤ ከዚያ «በል ቀጥል» ብሎ ይለቀዋል። ፕሮግራመር ሌሊት ሲጨንቀው የሚጠራው እሱን ነው።

ሪቻርድ ስቶልማን ለግኑ ፕሮጀክት የጻፈው በ1986 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ በኋላ እንዳንጣላ።) በዚያ ዘመን ነገሩ ቀላል ነበር። አንድ ፕሮግራም አንድ መስመር ይዞ የሚሄድ ነው፤ ወይ ቆሟል፣ ወይ እየሄደ ነው፣ ወይ ሞቷል። ጂዲቢ የሚነጋገረው ከፕሮግራሙ ጋር እንዳይመስላችሁ። የሚነጋገረው ከከርነሉ ጋር ነው፤ ከርነል ማለት የማሽኑን ሥራ ሁሉ የሚያዝዘው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው። ትእዛዙን በፒትሬስ በኩል ይሰጣል። ፒትሬስ ከጂዲቢ በዕድሜ ይበልጣል፤ በ1975 ከወጣው ከስድስተኛው የዩኒክስ እትም ጀምሮ ያለ ነው። ወሬውን ደግሞ በዌይትፒድ በኩል ይቀበላል። «ልቀቀው» ይላል፤ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ «ቆመ» ይባላል፤ ይመረምራል፤ እንደገና «ልቀቀው» ይላል። እንግዲህ በዚህ ውስጥ ምን የሚያሳስት ነገር አለ? የለም።

ከዚያ ትሬድ መጣ።

ትሬዶች በአንድ ፕሮግራም ሆድ ውስጥ፣ አንዱን ሜሞሪ እየተጋሩ፣ በየፊናቸው የሚሮጡ ሥራዎች ናቸው። ቪዲዮ ስታዩ አንዱ ከኔትወርክ ይቀበላል፣ ሌላው ምስሉን ይፈታል፣ ሦስተኛው ድምፁን ያጫውታል። ሊኑክስ ላይ ለዓመታት ይህን ይሠራ የነበረው ሊኑክስትሬድስ የሚባል ላይብረሪ ነው፤ ዋነኛው ጸሐፊው ፈረንሳዊው ዛቪዬ ለርዋ ነበር። ብልሃቱ ግሩም ነበር፤ ጣጣው ግን ለዲበገር ተረፈ። እያንዳንዱ ትሬድ ለከርነሉ ራሱን የቻለ ፕሮሰስ ነው፤ የየራሱ ቁጥር አለው። በላያቸው «ሥራ አስኪያጅ» የሚባል፣ ማንም ያልጠራው አንድ ተጨማሪ ትሬድ ተቀምጧል። እርስ በርስ የሚቀሰቃቀሱት በሲግናል ነው። ስለዚህ የዋሁ ፕሮግራመር ፕሮግራሙን ሲያስነሳ ጂዲቢ ድንገት ይቆምና «ሲግ32 ደርሶኛል» ይለዋል። ሰውየው ሲግ32 የሚባል ነገር በሕይወቱ አልላከም። ወሬ መቀበሉም ቢሆን በሁለት በር ነበር፤ ተራው ልጅ ፕሮሰስ በአንደኛው፣ ክሎን በሚባለው ጥሪ የተወለደው ትሬድ በሌላኛው። ጂዲቢ አንዴ ይህን በር፣ አንዴ ያንን በር እያንኳኳ ይጠይቅ ነበር።

ኡልሪሽ ድሬፐርና ኢንጎ ሞልናር ይህን ሁሉ የሚገላግል ኤንፒቲኤል የሚባል አዲስ ሥራ ይዘው መጡ፤ በ2003 በሬድ ሃት 9 ለሕዝብ ደረሰ። በሙከራቸው 100,000 ትሬድ በ2 ሰከንድ ተነሣ። በፊት 15 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ሥራ ነበር። ፕሮግራመሮች ዕልል አሉ። ትሬድ ርካሽ ሆነ፤ ርካሽ የሆነ ነገር ደግሞ ይበዛል። ጂዲቢም አንዱን ብቻ ሲያይ የኖረው፣ ሲወለዱና ሲሞቱ የሚውሉ መቶዎችን መዝግብ ተባለ።

አሁን ወደ ታሪኩ አንጀት ልገባ ነው፤ ልብ በሉ። አንድ ሰው ጂዲቢን «7ኛው ትሬድ ቆሟል ወይ?» ቢለው ጥያቄው አንድ ይመስላል። ሦስት ነው። ስክሪን ፊት ለተቀመጠው ሰው «ቆሟል» ብዬ ነግሬዋለሁ ወይ? ይህ አንድ። እኔ ራሴ ትሬዱን «ሂድ» ብዬዋለሁ ወይ? ይህ ሁለት። ከርነሉ ዘንድስ በእርግጥ ተለቅቋል ወይ? ሦስት። በጂዲቢ ሶርስ ኮድ ውስጥ ለእያንዳንዱ ትሬድ እነዚህ ሦስቱ በሦስት ምልክት ተጽፈዋል፤ ስቴት፣ ሪዙምድ፣ ኤክሲኪዩቲንግ። አዘውትረው ይስማማሉ። እኔ የማወራላችሁ ስህተት ሁሉ የሚፈለፈለው በማይስማሙባት ቅጽበት ነው።

ታዲያ እንዴት አይስማሙም? «ሂድ» ብዬው ሳይለቀቅ የሚቀር ትሬድ አለ እንዴ? አለ! እሱን ለማስረዳት ግን የሁለቱን ትሬዶች ታሪክ መንገር አለብኝ። ረዘም ያለ ነው፤ ታገሱኝ።

ብሬክፖይንት እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? በኢንቴልና በኤኤምዲ ፕሮሰሰር ላይ ጂዲቢ እንዲቆምለት የሚፈልገውን ትእዛዝ የመጀመሪያ ባይት ያነሳና በቦታው 204 የሚል ቁጥር ያስቀምጣል። ፕሮሰሰሩ 204ን ሲያገኝ «ወጥመድ!» ብሎ ይቆማል፤ ሲግትራፕ የሚባለው ሲግናል ይነሣል። ነገር ግን ፕሮሰሰሩ ያችን አንድ ባይት በልቷታል፤ ስለዚህ ቀጥሎ የሚሄድበትን አድራሻ የሚይዘው ሬጅስተር አንድ እርምጃ አልፎ ቆሟል። ጂዲቢ «እዚህ ጋ ብሬክፖይንት ነበረኝ» ብሎ መዝገቡን ያይና አንድ ይቀንስለታል። ተለማማጅ የሚያውቀው ነገር ነው።

እንግዲህ ሁለት ትሬዶች አሉ እንበል፤ አበበና ከበደ እንበላቸው፣ ስም አይከፈልበትም። ሁለቱም በየኮራቸው እየሮጡ በአንዲት ቅጽበት ያንኑ 204 ረገጡ። ከርነሉ መጀመሪያ የአበበን ወሬ ሰጠ። ጂዲቢ አበበን ያዘ። ከዚያ ሌሎቹን ለማስቆም ለእያንዳንዱ ሲግስቶፕ የሚባል ሲግናል ይልካል፤ ሁሉም «ቆሜያለሁ» እስኪሉ ይጠብቃል። ከበደ መለሰ፤ የመለሰው ግን «በሲግስቶፕህ ቆምኩ» ብሎ አይደለም። «ሲግትራፕ፣ ወጥመድ ረግጫለሁ» ነው ያለው። ሲግስቶፑ ገና በከርነሉ ዘንድ ተራ ይጠብቃል።

ጂዲቢ በአንድ ጊዜ አንድ ወሬ ነው ለሰውየው የሚነግረው። «አበበ ብሬክፖይንት 1 ላይ ቆሟል» አለ፤ የከበደን ወሬ ለጊዜው ያዘው። እስካሁን ሁሉም ደህና ነው። ሰውየው ደግሞ አበበን አይቶ «ይህ ብሬክፖይንት አያስፈልገኝም» ብሎ ሰረዘው፤ ከዚያም «ቀጥል» አለ።

አያችሁት ጉዱን? ጂዲቢ የያዘውን የከበደን ወሬ አወጣ። «ሲግትራፕ» ይላል። መዝገቡን አየ፤ በዚያ አድራሻ ብሬክፖይንት የለም፤ ተሰርዟል! ስለዚህ «ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ወጥመድ» ብሎ ሰውየውን አስደነገጠ። ይህ ቀላሉ ነው። ብሬክፖይንቱ ስለሌለ አንድ የሚቀንስም አልነበረም፤ ከበደ በትእዛዙ ሆድ መካከል ተተክሎ ቀረ። ሰውየው «ቀጥል» ሲለው ከትእዛዙ ሁለተኛ ባይት ጀምሮ ሌላ ትእዛዝ እንደሆነ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። ዕድል ካለው ወዲያው ይወድቃል። ዕድል ከሌለው አይወድቅም፤ የተሳሳተ ቁጥር ይጽፍና መንገዱን ይቀጥላል። ያ ምስኪን ፕሮግራመር ፕሮግራሙ ላይ ያልነበረን ስህተት ሲፈልግ ያድራል። ስህተቱን ያመጣው ስህተት ፈላጊው ነው።

የጂዲቢ ሰዎች መጀመሪያ ያመጡት መፍትሔ ደፈር ያለ ነበር። የከበደን ወሬ መያዝ ቀረ። ሌሎቹን በሚያስቆሙበት ጊዜ ወጥመድ የረገጠ ካገኙ እዚያው አድራሻውን አንድ ይቀንሱለታል፤ ወሬውንም እንዳልሰሙ ይጥሉታል። ብሬክፖይንቱ ካለ ከበደ ሲለቀቅ እንደገና ይረግጠዋል፤ ከሌለ በሰላም ያልፋል። ብልህ ነው፤ ለብዙ ዓመትም አገልግሏል። በኋላ ግን ወሬውን መጣል ትተው፣ አድራሻውን ወዲያው አርመው ከነምክንያቱ መያዝን መረጡ፤ ትሬዱ ሊለቀቅ ሲል «አድራሻው ያው ነው? ብሬክፖይንቱስ አለ?» ብለው ያጣራሉ፤ ከተሰረዘ ያን ጊዜ ይጥሉታል። እኔ ይህኛውን እወዳለሁ። የሰማኸውን አልሰማሁም ማለት መዝገብ ለሚይዝ ሰው መጥፎ ልማድ ነው።

ከዚሁ ጋር አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር። የተያዙ ወሬዎች ብዙ ሲሆኑ ጂዲቢ የትኛውን ያስቀድማል? ዕጣ ይጥላል። በእውነት ነው የምላችሁ! ኮዱ ውስጥ በዘፈቀደ ቁጥር አውጥቶ አንዱን ይመርጣል። ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ቢወስድ፣ ብሬክፖይንት ላይ የሚመላለስ አንድ ትሬድ ሌሎቹን ተራ ነስቶ ያስርባቸው ነበር።

ያ ተራ ሲጠብቅ የነበረው ሲግስቶፕስ? እሱም ዕዳ ነው። ጂዲቢ «ለከበደ የላክሁት፣ ገና ያልደረሰ ሲግስቶፕ አለ» ብሎ መጻፍ አለበት። ከረሳ፣ ከበደ ከጊዜ በኋላ በሰላም ሲሮጥ ድንገት ይቆማል፤ ስክሪኑም «ሲግስቶፕ ደርሶታል» ይላል። ማን ላከው? ጂዲቢ ራሱ። አያስታውስም እንጂ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። «ቀጥል» ሲባል ከበደ ያልተነገረ ወሬ አለው። ጂዲቢ በእውነት ሊለቀው አይችልም፤ ከለቀቀው ከወሬው በኋላ ብዙ ርቆ ይሄዳል። ስለዚህ «ሂድ ተብሏል» ብሎ ይጽፋል፣ ግን አይለቀውም። ሪዙምድ አዎን፣ ኤክሲኪዩቲንግ አይደለም። ሁለቱ ምልክቶች በዚህች ቦታ መለያየታቸው ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ሶርስ ኮዱ ውስጥም ከምልክቷ አጠገብ በረጅም ማስታወሻ ተብራርቷል። ማስታወሻውን ሳያነብ አንድ ሰው መጥቶ «የሚሮጥ ትሬድ ካለ ከርነሉን ጠይቅ» ብሎ ሊጽፍ ሲያስብ በአንደኛው ምልክት ፋንታ ሌላኛውን ቢጽፍስ? ያን ጊዜ ጂዲቢ ዌይትፒድ ላይ ቁጭ ይላል። ይጠብቃል። የሚጠብቀው ወሬ በእጁ ነው ያለው! ከርነሉ ደግሞ አንዴ የሰጠውን ወሬ አይደግምም። ስክሪኑ ደረቅ ብሎ ይቀራል፤ ስህተት የሚል ጽሑፍ የለም፣ የወደቀ ነገር የለም፣ ዝም ብቻ።

የተገላቢጦሹም አለ። ሰውየው «ቀጥል» ይላል፤ ጂዲቢ ለሰውየው በሚያሳየው ዝርዝር ላይ ትሬዶቹን ሁሉ «እየሮጡ ነው» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ከመልቀቁ በፊት ብሬክፖይንቶቹን ሊተክል ሲሄድ አንዱ የማይነበብ አድራሻ ላይ ሆኖ ያገኘዋል፤ «እዚህ አድራሻ መድረስ አልችልም» ብሎ ሥራውን ከመሀል ያቋርጣል። ምንም ትሬድ አልተንቀሳቀሰም። ዝርዝሩ ግን «እየሮጡ ነው» እንዳለ ቀረ። ሰውየው ሬጅስተር ልይ ቢል «የመረጥከው ትሬድ እየሮጠ ነው» ይባላል። እሺ ላስቁመው ብሎ ኮንትሮል ሲ ቢጫን፣ የሚቆም የለም፤ ቀድሞውንም ቆሟላ! ከዚህ የሚወጣበት በር ጂዲቢን መግደል ብቻ ነው።

መፍትሔው ከበሩ ላይ ጠባቂ ማቆም ሆነ፤ ሥራው በሰላም ቢያልቅም በጩኸት ቢቋረጥም፣ ከዚያ ክፍል ሲወጣ ዝርዝሩን ከእውነተኛው ሁኔታ ጋር የሚያስታርቅ። ጂዲቢ በሲ ቋንቋ ይጻፍ በነበረበት ዘመን ይህን በእጅ ነበር የሚያደርጉት፤ አንድ ሰው ከረሳ ረሳ ነው። በ2016 የወጣው እትም 7.12 በሲ ፕላስ ፕላስ መገንባት ከጀመረ ወዲህ ግን ቋንቋው ራሱ ጠባቂውን እንዳይረሳ ያስገድደዋል። በዚህ ጉዳይ ላይ ሲን የሚናፍቁ ሰዎች አሉ፤ አልከራከራቸውም፤ ግን አልሰማቸውም።

መወለድና መሞት ይቀሩኛል። መወለዱን ባጭሩ። አንድ ትሬድ ሌላ ሲወልድ ከርነሉ ሁለት ወሬ ያወጣል፤ ወላጁ «ወለድኩ» ይላል፣ ልጁ «ቆሜያለሁ» ይላል። የትኛው እንደሚቀድም ግን የገባ ቃል የለም። የእናቲቱ ምጥ ሳይሰማ የሕፃኑ ለቅሶ ይሰማል። ጂዲቢ በመዝገቡ የሌለ ቁጥር «ቆሜያለሁ» ሲለው ምን ያድርግ? የማላውቀው ነው ብሎ ቢጥለው ወላጁ በኋላ «ወለድኩ» ሲል ልጁን ይጠብቃል፤ የልጁ ወሬ ግን አልፏል፤ ደግሞ አይመጣም። ስለዚህ ለማይታወቁ ቁጥሮች የጎን ዝርዝር አለው፤ እዚያ ይጽፈዋል፤ ወላጁ ሲናገር መጀመሪያ የሚያየው ያንን ዝርዝር ነው።

ሞት ግን ሌላ ነው። ሞት የዲበገር ሰዎችን ፀጉር ያሸበተ ነገር ነው።

እስካሁን «ቆሟል» ስንል ቢያንስ የቆመ ነገር ቆሞ ይቆያል ብለን ነበር። አይቆይም። በፒትሬስ የቆመን ትሬድ ሲግኪል የሚባለው ሲግናል ይቀሰቅሰዋል፤ ይገድለዋልም። ወይም ወንድሙ የሆነ ትሬድ ፕሮግራሙን በሙሉ «ውጡ» ይላል፤ የቆመውም አብሮ ይሄዳል። ጂዲቢ መዝገቡ ላይ «ቆሟል» ይላል፤ ሬጅስተሩን ላንብ ሲል ከርነሉ «እንዲህ ያለ ፕሮሰስ የለም» ይለዋል። የፒትሬስ መመሪያ ለዚህ ለብቻው ርዕስ ሰጥቶታል፤ «ሞት በፒትሬስ ሥር» ይላል። ቁም ነገሩ፣ የቆመውን ትሬድ አለ ብላችሁ አትመኑ ነው። የድሮው ጂዲቢ ይህ መልስ ሲመጣበት «ሬጅስተር ማንበብ አልቻልኩም» ብሎ ትእዛዙን ሁሉ ያቋርጥ ነበር፤ ሌሎቹ አርባ ትሬዶች ግማሾቹ ተለቅቀው፣ ግማሾቹ ሳይለቀቁ። አሁን እንዲህ ያለ መልስ ሲያገኝ ወደ ፕሮክ ይሄዳል፤ ፕሮክ ከርነሉ የእያንዳንዱን ፕሮሰስ ሁኔታ የሚገልጥበት ማውጫ ነው። እዚያ ትሬዱ በእርግጥ በዲበገር እንደቆመ የሚያሳየውን ትንሿን የ«ቲ» ፊደል ይፈልጋል። ከሌለች ሞቷል፤ ስህተቱን በዝምታ ያልፋል፤ የሞቱ ወሬም በራሱ ጊዜ ይመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገርና ልለፍ። እንዲህ ያለ ስህተት ሲገጥመው «ትንሽ እንጠብቅ፣ መቶ ሚሊሰከንድ እናሳድረው» የሚል ሰው አይጠፋም። ይሠራል! በእሱ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። የሞላ ሰርቨር ላይ ሲሄድ ግን ያው ይሰበራል፤ ከዚያ መቶው ሁለት መቶ ይሆናል። ወሬ ከድርጊቱ ኋላ ነው የሚመጣው፤ ትዕግሥት ብታበዙ ኋላነቱ አይጠፋም። መታረም ያለበት፣ ኮዱ ከሦስቱ ጥያቄዎች የትኛውን መጠየቅ ሲገባው የትኛውን እንደጠየቀ ነው። ብዙ ጊዜ እርማቱ የአንዲት ምልክት ስም መለወጥ ይሆናል፤ ያችን አንዲት ስም ለማግኘት ግን ሳምንታት ይሄዳሉ።

ምክንያቱም አደኑ ራሱ አስቸጋሪ ነው። ጂዲቢ የራሱን ሐሳብ ጮክ ብሎ የሚጽፍበት ትእዛዝ አለው፤ ሴት ዲበግ ኢንፍራን 1 ስትሉት እያንዳንዱን ውሳኔ በስክሪኑ ላይ ያዘንባል። ነገር ግን መጻፍ ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜው ሲዛባ ሁለቱ ትሬዶች በአንዲት ቅጽበት መርገጣቸው ይቀራል፤ ስህተቱም ይሰወራል። ጂም ግሬይ በ1985 ባወጣው ጽሑፍ እንዲህ ሲያዩት የሚሸሸውን ስህተት ሃይዘንበግ ብሎታል፤ በፊዚክስ ሊቁ በሃይዘንበርግ ስም። ጂዲቢን በሌላ ጂዲቢ መመርመርም ይቻላል፤ ላይኛው ታችኛውን ሲያስቆመው ታችኛው የያዛቸው ትሬዶች ያለ ተቆጣጣሪ ይሮጣሉ፤ ከዚያ የሚመጣውን የወሬ ክምር አስቡት። ልምድ ያላቸው ሰዎች ፈተናውን ደጋግመው ያስሮጣሉ፤ አንዴ ሁሉንም በአንድ ኮር ላይ አጥረው፣ አንዴ ማሽኑን በሌላ ሥራ አጨናንቀው። ኮዱም ውስጥ «ይህ በፍጹም ሊሆን አይገባም» የሚሉ መፈተሻዎችን ይተክላሉ። መፈተሻው ሲሰበር ጂዲቢ «የራሴ የውስጥ ችግር ገጥሞኛል፣ ከእንግዲህ የምነግርህን ማመን ሊያስቸግር ይችላል» ይልና ይውጣ አይውጣ ሰውየውን ይጠይቀዋል። ተጠቃሚ ይህን ጽሑፍ ይጠላዋል። እኔ ግን ከሚዋሽ ዲበገር መበላሸቱን የሚናገር ዲበገር ይሻለኛል።

በ2009 እትም 7.0 ኖንስቶፕ የሚባል አሠራር ይዞ ሲመጣ መከራው ከበደ፤ ከእንግዲህ አንዱ ትሬድ ቆሞ ሲመረመር ሌሎቹ እየሮጡ ይቀጥላሉ ተባለ። ብሬክፖይንት ሲሰረዝስ? ቀደም ሲል 204ን የረገጠ፣ ወሬው ግን ገና ያልደረሰ ትሬድ አለ ይሆናል። ስለዚህ ጂዲቢ የተሰረዘውን ብሬክፖይንት ወዲያው አይረሳውም፤ በሞት አፋፍ ላሉት በተለየ ዝርዝር ያቆየዋል። እስከ መቼ? ሒሳብ ወጥቶለታል፤ በትሬዶቹ ቁጥር ላይ አንድ ተደምሮ፣ በሦስት ተባዝቶ፤ ያን ያህል ወሬ ካለፈ በኋላ ይረሳል። ትክክለኛ ማረጋገጫ የለውም፤ ግምት ነው። እንዲህ ያለ ግምት በቁም ነገር ኮድ ውስጥ ሳይ ቅር ይለኛል፤ የተሻለ አምጣ ብትሉኝ ግን ዝም እላለሁ።

የመጨረሻውን ላጫውታችሁና ልነሣ። የትሬዶች ሁሉ አለቃ አለ፤ የመጀመሪያው ትሬድ፣ ቁጥሩ ከፕሮሰሱ ቁጥር ጋር አንድ የሆነው። ይህ አለቃ ሥራውን ጨርሶ ብቻውን ሊወጣ ይችላል፤ ሌሎቹ ይሮጣሉ። ከርነሉ ግን የአለቃውን ሞት አይናገርም፤ ሌሎቹ በሙሉ እስኪያልቁ ዞምቢ አድርጎ ያቆየዋል። ጂዲቢ የሞቱን ወሬ ቢጠብቅ አይመጣም፤ ስለዚህ ፕሮክን አይቶ ዞምቢ መሆኑን ካረጋገጠ ከመዝገቡ ይፍቀዋል። አለቃውን ፋቀው። መልካም። ከዚያ ከቀሩት ትሬዶች አንዱ፣ 7ኛው እንበል፣ ኤግዜክ ይጠራል፤ ማለትም ፕሮግራሙን በሙሉ ጥሎ በቦታው ሌላ ፕሮግራም ሊጭን ነው። ከርነሉ ሌሎቹን ትሬዶች ሁሉ ይገድልና ለ7ኛው የአለቃውን ቁጥር ይሰጠዋል። ከአሁን በኋላ 7ኛው የለም፤ የሞተው አለቃ ቁጥር ብቻ አለ፤ ወሬውም በሟቹ ቁጥር ይመጣል፦ «አዲስ ፕሮግራም ጭኛለሁ፣ ቆሜያለሁ»። ጂዲቢ መዝገቡን ያያል፤ እንዲህ ያለ ቁጥር የለም፤ እሱ ራሱ ነው የፋቀው። የማይታወቅ ነው ብሎ ቢያልፈው አዲሱ ፕሮግራም እንደቆመ ይቀራል፤ ማንም አይለቀውም። ስለዚህ ለዚህች አንዲት አጋጣሚ ብቻ የተጻፉ ጥቂት መስመሮች አሉ፤ የማይታወቅ ቁጥር በኤግዜክ ወሬ ከመጣ አለቃውን እንደገና መዝግብ፣ ሕያው በል፣ ቀጥል ይላሉ። የጂዲቢን የሊኑክስ ሎግ ከፍታችሁ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ብታስሮጡ፣ የትሬዶቹን አለቃ ከኤግዜክ በኋላ መልሶ መመዝገቡን የሚናገረውን መስመር ከነቁጥሩ ታዩታላችሁ።